የኩላሊት ጠጠር ኦርጋኒክ ክፍልና አፈጣጠሩ

በኩላሊት ወይም በሽንት ፊኛ ውስጥ የሚፈጠር ጠጠር ሲያዩት ከወንዝ ዳር እንደተለቀመ ድንጋይ ከማዕድን ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ማዕድኑን ቀስ እያለ በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር፣ ማዕድኑ ካለቀ በኋላም የጠጠሩን ቅርጽ እንደያዘ የሚቀር ለስላሳ ነገር ይገኛል። ባለሙያዎች ማትሪክስ የሚሉት ይህ ቅሪት በዋነኛነት ፕሮቲን ሲሆን፣ ከስኳር ጋር የተጣመሩ ውህዶችና ቅባትም አሉበት፤ በተለመዱት ጠጠሮች ከደረቅ ክብደቱ ድርሻው ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ጠጠር የሚጀምረው ሽንት ሊያሟሟው ከሚችለው በላይ ጨው ሲሸከምና ትርፉ ወደ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲለወጥ ነው። ይሁንና የብዙ ጤነኞች ሽንትም እጅግ በተለመደው የጠጠር ዓይነት፣ ማለትም በካልሲየም ኦክሳሌት፣ ከልክ በላይ የተሞላ ሆኖ ሳለ ጠጠር አይሠራም፤ ስለዚህ የጨው ብዛት ብቻውን በቂ ማብራሪያ ሊሆን አይችልም። ሲትሬት የተባለው ውህድ ካልሲየምን ይዞ ከኦክሳሌት ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋል፤ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖችም በክሪስታሎቹ ገጽ ላይ ተለጥፈው እድገታቸውን ይገታሉ። ከነዚህ መካከል በጤነኛ ሽንት ውስጥ ከሁሉም በብዛት የሚገኘውና ታም እና ሆርስፎል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1950 እ.ኤ.አ. የገለጹት ዩሮሞዱሊን ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ ተበታትኖ በሟሟበት ጊዜ ክሪስታሎች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ሲከላከል፣ ሽንቱ አሲዳማና ጨዋማ ሲሆን ግን ራሱ እየተጓጎለ እነዚያኑ ክሪስታሎች ሊያያይዝ ይችላል።

ክሪስታል በሽንት ታጥቦ ካልወጣ የሚያድግበት ቦታ ያገኛል። አሌክሳንደር ራንዳል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1937 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ በኩላሊት ውስጥ ሽንት በሚንጠባጠብባቸው ጫፎች ላይ የካልሲየም ፎስፌት ንጣፍ ይገኛል፤ የኩላሊቱ ሽፋን እዚያ ላይ ሲላጥ ንጣፉ ለሽንት ይጋለጥና በፕሮቲን ይሸፈናል፣ ካልሲየም ኦክሳሌትም በላዩ ላይ ይደራረባል።

ከማትሪክሱ ሌላ፣ ዋናው አካላቸው ራሱ ኦርጋኒክ የሆነ ጠጠሮችም አሉ፤ ሲስቲን በዘር በሚወረስ የኩላሊት ጉድለት ምክንያት ሲከማች፣ ዩሪክ አሲድ ደግሞ የሽንት ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ይረጋል። ከሽንት ጋር የወጣን ጠጠር ከመጣል ይልቅ ለላቦራቶሪ ማቅረብ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ የዩሪክ አሲድ ጠጠር የሽንቱን አሲድነት በሚቀንስ መድኃኒት ያለ ቀዶ ሕክምና ሊሟሟ ሲችል፣ የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ግን በዚህ መንገድ አይሟሟም።