ከሥዕል ወደ ተዋናይ፦ የጃፓን አኒሜ በቴሌቪዥን ድራማ

የጃፓን ቴሌቪዥን የሥዕል ጀግኖችን በተዋናዮች ማሠራት የጀመረው አኒሜ ራሱ የሳምንት መርሐ ግብር ከመሆኑ በፊት ነው። ኦሳሙ ቴዙካ የፈጠረው ሕፃን ሮቦት አስትሮ ቦይ በ1959 (ዘመናቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በልጅ ተዋናይ ተሠርቶ ቀረበ፤ ዓለም የሚያውቀው አኒሜ ግን የተጀመረው በ1963 መባቻ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ይነግረናል። ድራማውም አኒሜውም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዱት ከማንጋ፣ ማለትም በየሳምንቱ ወይም በየወሩ መጽሔት ላይ ከሚወጣው የሥዕል ታሪክ ነው። «ግሬት ቲቸር ኦኒዙካ» በ1998 ድራማ ሆኖ ከታየ በኋላ ነው በ1999 አኒሜ የሆነው፤ «ኖዳሜ ካንታቢሌ»ም እንዲሁ ድራማው ቀድሞታል። የዮኮ ካሚዮ «ሃና ዮሪ ዳንጎ» ደግሞ በ1996 አኒሜ ሆኖ፣ በ2001 ታይዋን፣ በ2005 ጃፓን፣ በ2009 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ በየራሳቸው ተዋናዮች ሠርተውታል። የተማሪ ቤት ፍቅርና የሀብታምና የድሃ ልጅ ጠብ ለካሜራ አያስቸግርም፤ ጥሩ ተዋናይና ጥሩ ጽሑፍ ካለ ይበቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ሰይፍ፣ መንኮራኩርና አጋንንት ሲመጡ ነው። ሰዎች ወጪውን ያነሣሉ፤ እኔ ግን ከወጪው ይልቅ የሚከብደው የጊዜ አያያዙ ይመስለኛል። አኒሜ ሥዕሉን አቁሞ ድምፅ ብቻ እያሰማ ግማሽ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ ተመልካቹም ውበት ሆኖ ያገኘዋል። ተዋናይ እንዲያ ቆሞ ሲጠብቅ ግን የረሳው ነገር ያለ ይመስላል። በሥዕል የሚያስቅ የፊት መኮማተርም በሰው ፊት ላይ ያሳፍራል።

ኔትፍሊክስ ያሠራቸው ሁለት ሥራዎች ጉዳዩን ከሌላው ሁሉ የተሻለ ያሳያሉ፤ ሁለቱም በቱሞሮው ስቱዲዮስ አምራችነት የተሠሩ ናቸውና። የመጀመሪያው «ካውቦይ ቢቦፕ» ነው። የሺኒቺሮ ዋታናቤ የ1998 አኒሜ 26 አጫጭር ክፍሎች ነበሩት፤ ጃዝ፣ ድካምና ብቸኝነት የሞሉበት፣ ብዙውን ነገር ሳይናገር የሚያልፍ ሥራ ነው። በኖቬምበር 2021 የወጣው ድራማ ጆን ቾን የመሰለ ተዋናይ ነበረው፤ የመጀመሪያዋን የሙዚቃ ደራሲ ዮኮ ካኖንም መልሶ አምጥቷል። ነገር ግን በአኒሜው በጥቂት ክፍሎች ብቻ ብቅ የሚሉትን ገጸ ባሕርያት ቪሸስንና ጁሊያን አግዝፎ፣ ዝም የተባለውን ሁሉ አስረዳ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ቀጣይ ምዕራፍ እንደማይኖረው ተነገረ። ዋታናቤ ኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ ከመክፈቻው ትዕይንት አልፎ ማየት እንዳልቻለ ተናግሯል።

ሁለተኛው «ዋን ፒስ» በኦገስት 2023 ወጣ። ከ1997 ጀምሮ የሚታተመው የኤይቺሮ ኦዳ ማንጋ ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሠራጨ ነው፤ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠውን የባሕር ወንበዴ ሉፊን በሰው መሥራት ብዙዎች የማይሆን ነገር ይሉት ነበር። አዘጋጆቹ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን መርከቦቹን ሠርተው አቆሙ፤ ለሉፊም የሜክሲኮውን ወጣት ኢኛኪ ጎዶይን መረጡ። ብዙ ታሪክ ቆርጠዋል፣ ቅደም ተከተልም ለውጠዋል። የሉፊን የዋህ ደስታ ግን አልነኩም፤ ቀለሙንም አላጨለሙም። ኦዳ ራሱ ድራማው ከመውጣቱ በፊት ለአድናቂዎች በጻፈው ደብዳቤ፣ እሱ በቃኝ ሳይል ሥራው እንደማይለቀቅ ከኔትፍሊክስ ጋር መስማማቱን ገልጿል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ምዕራፍ ተፈቀደ።

በጃፓን የተሠሩትም ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። «አሊስ ኢን ቦርደርላንድ» በ2020 የተሳካለት የዛሬዋን ቶኪዮን ባዶ አድርጎ ማሳየቱ ለካሜራ የተመቸ ስለሆነ ነው። የ2023ቱ «ዩ ዩ ሃኩሾ» በአኒሜ 112 ክፍል ከፈጀው ታሪክ ሰፊውን ድርሻ በ5 ክፍል ለመጨረስ ሮጠ። ድብድቡ ግሩም ነው፤ ወዳጅነቱ ግን ለመብሰል ጊዜ አላገኘም፤ ያ ታሪክ ደግሞ የሚወደደው በወዳጅነቱ ነው።

የደራሲ ቃል ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ጃፓን በሐዘን ያየችው በ2024 መጀመሪያ ነው። የ«ሴክሲ ታናካ ሳን» ማንጋ ደራሲ ሂናኮ አሺሃራ ድራማው ለማንጋው ታማኝ እንዲሆን አስቀድማ ጠይቃ ነበር። ረቂቆቹ ደጋግመው ስለተለወጡባት የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ራሷ ጻፈች፤ ይህንንም ለሕዝብ ከገለጸች ከቀናት በኋላ ሕይወቷ አለፈ። አሰራጩ ኒፖን ቴሌቪዥንና አሳታሚው ሾጋኩካን በዚያው ዓመት የየራሳቸውን የምርመራ ሪፖርት አወጡ።

ኦዳ ያገኘው የመከልከል ሥልጣን በዝናው ብዛት የመጣ ነው፤ ብዙ ደራሲዎች ያ ዝና የላቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ካሜራ ከመነሣቱ በፊት፣ ደራሲው እንቢ የማለት መብቱ በውል ላይ በጽሑፍ ሊሰፍርለት ይገባል።