«ጋላቢው ከታገደ ፈረሱ ለምን አንደኛ ሆነ?» ለምትሉኝ

ከትናንት ማታ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ጋላቢው ታግዶ ፈረሱ ግን አንደኛ ሆኖ የጸደቀበት ውድድር የቲክቶክ ቪዲዮ እየዞረ ነው። የእኛው ሰዎች የአማርኛ ድምፅ ጨምረውበት፣ ቀይ ቀስት ስለውበት፣ «ሆን ብሎ ነው የገፋው፣ ዳኞቹም ተገዝተዋል» ይላሉ። ውድድሩ የተካሄደው እኔ የምሠራበት ሜዳ ላይ ነው፤ ካሜራውም ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ቡናዬን ሳልጨርስ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉት።

ለማታውቁኝ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ለዳኞች የሚቀርበውን ቪዲዮ ከሚያነሱት አንዱ ነኝ። በቴሌቪዥን የምታዩትን አይደለም። እኔ ማማ ላይ ሆኜ ፈረሶቹ ፊት ለፊት ሲመጡብኝ ነው የማነሳው።

1. ከጎን የተነሳ ቪዲዮ ማን ማንን እንደገፋ አያሳይም። ከተመልካቹ በኩል ሲታዩ በመካከላቸው ሁለት ሜትር ያላቸው ፈረሶች የተጣበቁ ይመስላሉ። አንድ ፈረስ ከመስመሩ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ መውጣቱ የሚለየው ከፊት ነው። የፊቱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ ረጅም ሌንስ ርቀትን ስለሚያሳጥር በሦስት ፈረስ ርዝመት የቀረው ከፊተኛው ጭራ ሥር ያለ ይመስላል። ዳኞች ሁለቱንም ጎን ለጎን የሚያዩት ለዚህ ነው። ቲክቶከራችን ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱንም አዘግይቶታል። ቪዲዮ ሲዘገይ ደግሞ ሁሉም ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ይመስላል፣ ያስነጠሰውም ጭምር።

2. ጋላቢውን መቅጣትና የፈረሶቹን ደረጃ መቀየር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ኡበርና ታክሲ የምትነዱ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ ፖሊሱ ለሹፌሩ ቲኬት ይጽፋል፣ ኢንሹራንሶቹ ለብቻቸው ይጨቃጨቃሉ። እንግሊዝና አውስትራሊያ፣ ከ2013 ጀምሮ ጃፓን፣ ከ2018 ጀምሮ ፈረንሳይም የሚጠይቁት «የተደናቀፈው ፈረስ ባይደናቀፍ ኖሮ አጥፊውን ይቀድመው ነበር ወይ?» ብለው ነው። አይቀድመውም ከተባለ ጋላቢው ቢታገድም ፈረሱ ድሉን ይዞ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ግን ጥያቄው «ጥፋቱ የተጎዳውን ፈረስ ደረጃ አሳጥቶታል ወይ?» ነው። አሳጥቶታል ከተባለ አጥፊው ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ከተጎዳው ኋላ ይቀመጣል፤ አላሳጣውም ከተባለ ግን ጋላቢው ቢታገድም የፈረሱ ደረጃ አይነካም።

የ2019ኙን ኬንታኪ ደርቢ አስታውሱ። ማክሲመም ሴኪዩሪቲ የተባለው ፈረስ በአንድ ከሦስት አራተኛ የፈረስ ርዝመት ቀድሞ ገባ። ነገር ግን የመጨረሻው ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ወጥቶ ዋር ኦቭ ዊልን አደናቅፎ ነበር፤ ሎንግ ሬንጅ ቶዲም በዚያው ተጎዳ። 22 ደቂቃ ያህል ቪዲዮው ሲታይ ቆይቶ አንደኛ የገባው ፈረስ 17ኛ ተደረገ። 17ኛ ለምን? ሎንግ ሬንጅ ቶዲ የገባው 17ኛ ስለሆነ፣ አጥፊው ደግሞ ከእሱ ኋላ መሆን ስላለበት። ድሉ 65 ለ1 ለተገመተው ካንትሪ ሀውስ ሄደ፤ ፕሬዝዳንት ትራምፕ ሳይቀሩ በትዊተር ተቆጡ። ጋላቢው ሉዊስ ሳኤዝ በሌላ ውሳኔ ለ15 የውድድር ቀናት ታገደ። የፈረሱ ባለቤቶች ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተሸነፉ። እንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ፣ በእኔ ግምት፣ ፈረሱ አንደኛ ሆኖ ይጸድቅና የሚታገደው ሳኤዝ ብቻ ነበር።

3. ግዴለሽ ግልቢያ ማለት ሆን ብሎ መግፋት ማለት አይደለም። የእንግሊዝ ሕግ የጋላቢን ጥፋት በደረጃ ያስቀምጠዋል፦ ግዴለሽ፣ አግባብ የሌለው፣ አደገኛ። አብዛኛው መዝገብ የመጀመሪያው ላይ ነው የሚቀረው። ጋላቢው አጥሩን መያዝ ይፈልጋል፤ መንገዱ አጭር የሚሆነው እዚያ ነው። ያለፈ ይመስለውና ሳያልፍ ይታጠፋል። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየጋለበ አንድ የፈረስ ርዝመት የሚያልፈው ከሰከንድ አንድ ስድስተኛ ባነሰ ጊዜ ነው። የኋለኛው ፈረስ የፊት እግሩ ከፊተኛው የኋላ ኮቴ ጋር ከተጋጨ የሚወድቀው የኋለኛው ነው። አጥፊው ምንም ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜም ሳያይ፣ ግልቢያውን ይቀጥላል። «አላየሁም» መከላከያ የማይሆነውም ስለዚህ ነው፤ ማየት ሥራው ነዋ! አምቡላንስ ከኋላ የሚከተላቸው ስፖርተኞች ስንት ታውቃላችሁ?

አንዱ ደግሞ «ጉግስ ላይ ማን ተቀጥቶ ያውቃል?» ብሎ ጽፎልኛል። ወንድሜ፣ ጉግስ ማሳደድና መመከት ነው፤ የሚሸሸው እንደሚመጣበት ያውቃል፣ ጋሻም ይዟል።

4. ቅጣቱ። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

እገዳ ወዲያው አይጀምርም። ይህን አብዛኛው ሰው አያውቅም። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ፈረንሳይ፣ ሳን ክሉ ሜዳ ላይ ጋላቢው ክሪስቶፍ ሱሚዮን በሙሉ ግልቢያ ላይ እያለ ጎኑ የነበረውን ሮሳ ራያንን በክርኑ መታውና ከኮርቻው ጣለው። ራያን በተአምር ተረፈ። ይህኛውን ለማየት እኔም ማማዬም አናስፈልግም፤ ከጎንም ከፊትም ያው ነው። ዳኞቹ 60 ቀን ቀጡት። ከመቼ ጀምሮ? ከሁለት ሳምንት በኋላ! ድርጊቱ በተፈጸመ በሁለተኛው ቀን ሰውየው የአውሮፓ ትልቁ ውድድር በሆነው በአርክ ደ ትሪዮምፍ ላይ ቫዴኒን ጋልቦ ሁለተኛ ወጣ። ከዳኞቹ ይልቅ የፈጠነው አሠሪው አጋ ካን ነው፤ ውሉን አቋረጠው።

ምክንያታቸውን አውቀዋለሁ፣ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አሠልጣኙ ተተኪ ጋላቢ መፈለጊያ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ይግባኝ የመጠየቅ መብት አለ። እሺ፣ አጥር ለመያዝ ሲጣደፍ ለታጠፈና ሦስት ቀን ለተቀጣ ይሁን። ሰው ከፈረስ ላይ ለጣለም?

ከዚያ ብሩ አለ። በ2024ቱ ደርቢ ሲየራ ሊዮንን የጋለበው ታይለር ጋፋሊዮን (አዎ፣ በ2019 ዋር ኦቭ ዊል ላይ ሆኖ የተደናቀፈው ያው ሰው) በመጨረሻው ቀጥታ መስመር አጠገቡ የነበረውን የጃፓን ፈረስ ፎርኤቨር ያንግን በእጁ ነካክቷል። ሦስት ፈረሶች በአፍንጫ ልዩነት ነው የገቡት። ቅጣቱ 2,500 ዶላር። ሁለተኛ የወጣው ሲየራ ሊዮን ያገኘው 1 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በተለመደው 5 በመቶ ብታሰሉት የጋላቢው ድርሻ 50,000 ይሆናል። ከዚህ ላይ 2,500 ማንሳት የሚያስተምረው ነገር ካለ ንገሩኝ። የካሊፎርኒያ ደንብ ደግሞ አሥር ቀንና ከዚያ በታች የታገደ ጋላቢ አስቀድመው በተመረጡ ትልልቅ ውድድሮች ላይ እንዲጋልብ ሲፈቅድ የኖረ ነው። ታግደሃል፣ ገንዘብ ያለበት ቀን ሲመጣ ግን ና!

ይሄ አምስተኛ ነው ወይስ የአራተኛው ቀጣይ? ቁጥሩን ተዉት።

በዚህ ላይ አለንጋ ይቆጠራል። ከ2022 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተቋቋመው የፈረስ እሽቅድምድም ደኅንነት ባለሥልጣን በአንድ ውድድር ከስድስት ምት በላይ ከለከለ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም፤ ፈረሶቹን እወዳቸዋለሁ። ግን ሰባተኛዋን ምት ለመቁጠር አገር አቀፍ ሕግ ሲወጣ፣ ሰውና ፈረስ የሚገድለው መስመር መዝጋት በየስቴቱ እንደየልማዱ ይዳኛል። ምት ለመቁጠር ጣት ይበቃል። ማን፣ መቼ፣ በምን ያህል ርቀት እንደታጠፈ ለመፍረድ ግን ሙያ ይጠይቃል፤ ሙያ ደግሞ በጀት ይፈልጋል።

ዝምታቸውስ? በ2019 ያን የሚያህል ውሳኔ የሰጡት ዳኞች አጭር መግለጫ አንብበው አንድ ጥያቄ ሳይቀበሉ ነው የወጡት። ሆንግ ኮንግና አውስትራሊያ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ የትኛው ፈረስ የት ላይ እንደተገፋና ጋላቢው ምን እንደተባለ በጽሑፍ ያወጣሉ። እኛ ዘንድ ሁለት መስመር ከወጣ ትልቅ ነገር ነው። ከፊት የተነሳውን ቪዲዮ ከውሳኔው ጋር አብረን እንልቀቅ ብዬ አለቆቼን ጠይቄያለሁ፤ «እናየዋለን» አሉኝ። እስኪያዩት ድረስ ቲክቶክ ቀስቱን ይስላል፣ እኔ እዚህ እጽፋለሁ።

«ታዲያ የተወራረድኩበት ብር ይመለሳል ወይ?» ለሚሉት፦ አይመለስም። ሰሌዳው ላይ «ኦፊሻል» ከበራ በኋላ ጋላቢው ቢታገድም፣ ፈረሱ ከወራት በኋላ ቢሰረዝም ክፍያው አይነካም። ሜዲና ስፒሪት በ2021 ደርቢውን አሸንፎ በመድኃኒት ምክንያት ድሉ በሚቀጥለው ዓመት ሲነጠቅ፣ በእሱ ላይ የተወራረዱት ገንዘባቸውን እንደያዙ ነው የቀሩት። ከ«ኦፊሻል» በፊት ግን ምንም አላለቀም። በዚያ በ2019 ቀን ካንትሪ ሀውስ ላይ 2 ዶላር ያስያዘ ሰው የተከፈለው 132.40 ዶላር ነው። እነዚያን 22 ደቂቃዎች ቲኬቱን ሳይቀድ ከጠበቀ ማለቴ ነው።