የውሃ ከፍታ መለኪያን ከፓምፕ ጋር በጥንቃቄ ማገናኘትና መያዝ

በሁሩታና አካባቢዋ በፓምፕ ውሃ ስባችሁ አትክልት የምታለሙ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ፓምፕ ያለ ውሃ ከሠራ ግሎ ይቃጠላል። ታንከር ሞልቶ ከፈሰሰም ውሃውና የመብራት ክፍያው ይባክናል። ሁለቱንም የሚከላከለው የውሃ ከፍታ መለኪያ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መለኪያው ያቆመው ፓምፕ ቆመ እንጂ ኤሌክትሪኩ አልጠፋም። የጉድጓዱ ውሃ ከፍ ሲል ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሳል።

1. ከመንካታችሁ በፊት
ዋናውን ብሬከር አጥፉና ሳጥኑን ቆልፉ፤ ቁልፉን የሚሠራው ሰው ይያዝ። ቁልፍ ከሌለ «ሰው እየሠራ ነው፣ አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ሰቅላችሁ ጠባቂ አቁሙ። ጄኔሬተር ወይም ሶላር ካለ እሱም ይጥፋ። ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ።

2. ዓይነቱን መለየት
ሀ) ተንሳፋፊ መለኪያ፦ ብዙ ጊዜ 3 ሽቦ አለው። የጉድጓዱ መለኪያ ፓምፑን የሚያቆመው ውሃ ሲጎድል ነው፤ የታንከሩ ግን ውሃ ሲሞላ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ቦታ የሚገናኙት ሽቦዎች ይለያያሉ። የሽቦ ቀለም እንደ አምራቹ ስለሚለያይ መመሪያውን ተከተሉ።
ለ) ኤሌክትሮኒክ መለኪያ፦ ብዙዎቹ በ24 ቮልት ዲሲ ይሠራሉ፤ በ220 ቮልት ላይ ከተገናኙ ይቃጠላሉ። የተለመደው ምልክት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ነው፤ 4 ባዶ፣ 20 ሙሉ ማለት ነው። ዜሮ ካሳየ ገመዱ መቆረጡን ጠርጥሩ፤ ውሃ አልቋል ብላችሁ አትደምድሙ።

3. ማገናኘት
የፓምፑ ኃይል በመለኪያው ውስጥ እንዲያልፍ አታድርጉ። መለኪያው ኮንታክተርን ያዝዝ፤ ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ኮንታክተሩ ይሁን። በተለይ በ380 ቮልት ለሚሠራ ባለ 3 ፌዝ ፓምፕ ይህ ግዴታ ነው። የኤርዝ ሽቦ ሳይገናኝ ፓምፑን አታስነሱ። የሳጥኑን ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉ።

4. አያያዝ
• መለኪያውን በገመዱ ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ገመዱን ከፓምፑ ኃይል ገመድ አርቃችሁ ዘርጉ።
• በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መቀጠያ ውሃ ውስጥ አታስገቡ።
• ወደ ጉድጓድ የሚወርደው መለኪያ ገመዱ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ ካለው፣ ቱቦውን አትጠፉ፣ አትድፈኑ፤ ጫፉ ደረቅ ቦታ ይሁን።
• ለጥገና ብላችሁ ጉድጓድ ውስጥ አትውረዱ፤ መለኪያውን ወደ ላይ አውጡት።

5. ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ
በእጃችሁ አትንኩት። ቀድማችሁ ብሬከሩን አጥፉ፤ ከዚያ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም አድርሱ።

የብሬከሩን ቦታና አጠፋፍ ለቤተሰባችሁና ለውሃ አጠጪዎቻችሁ ዛሬውኑ አሳዩ።