ጨው ውስጥ ባልና ሚስት የለም

«አንተ ጨው፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ አበው። ነገሩን በሳይንስ ዓይን ለሚያየው ግን ጨው ጣፈጠም አልጣፈጠም ያው ድንጋይ ነው። አፋሮች በዳናኪል ረባዳ ምድር እየፈለጡ በግመል የሚጭኑት፣ በአገራችን ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌም ሆነ ገበታ ላይ ያለው ደቃቅ ጨው ውስጣዊ አሠራራቸው አንድ ነው።

ማስረጃ የሚሻ ሰው ጥቂት የገበታ ጨው ጥቁር ወረቀት ላይ በትኖ በአጉሊ መነጽር ይመልከት። ብዙዎቹ ቅንጣቶች ስድስት ገጽ ያላቸው፣ ማዕዘናቸው የተስተካከለ ትናንሽ ሣጥኖች ናቸው። የጠረባቸው እጅ ግን የለም።

ምስጢሩ የአተሞቹ አሰላለፍ ነው። ጨው የሶዲየምና የክሎሪን ውሕድ ነው። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ስለሚለቅ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆናል። ተቃራኒዎች ይሳሳባሉ፤ ተመሳሳዮች ይገፋፋሉ። ስለዚህ በቀኝና በግራ፣ በፊትና በኋላ፣ በላይና በታች እየተፈራረቁ ይሰለፋሉ። አንድ ሚሊ ሜትር በሚሆን ጠርዝ ላይ ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ይደረደራሉ።

ይህ እንዴት ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ1912 ጀርመናዊው ማክስ ፎን ላውወና ባልደረቦቹ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ሥርዓት ያለው የነጠብጣብ ንድፍ እንደሚተው ሙኒክ ላይ አሳዩ። በዓመቱ ዊሊያም ብራግና ልጁ ሎውረንስ በኤክስሬይ የጨውን አሰላለፍ ደረሱበት። ከወላጆቹ ጋር ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ የመጣው ሎውረንስ በ1915 ከአባቱ ጋር የኖቤል ተሸላሚ ሲሆን ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር።

ግኝቱ ግን ሁሉንም አላስደሰተም። ብዙ ኬሚስቶች እያንዳንዱ ሶዲየም ከአንድ ክሎሪን ጋር እንደ ባልና ሚስት ተጣምሮ ይኖራል ብለው ያምኑ ነበር። ብራጎች ያገኙት ጥምረትን ሳይሆን ጉርብትናን ነው፤ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን፣ እያንዳንዱ ክሎሪንም በስድስት ሶዲየም ተከብቧል። ይህ የቼዝ ገበታ ነገር ለጤናማ አእምሮ አይዋጥም ሲሉ አዛውንቱ እንግሊዛዊ ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ በ1927 «ኔቸር» መጽሔት ላይ በብርቱ ተቃወሙ።

ጊዜ ለብራጎች ፈረደ። በዚያው ዘዴ ዶሮቲ ሆጅኪን በ1945 የፔኒሲሊንን፣ በ1969 ደግሞ የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉትን የኢንሱሊንን አሠራር ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ለየች። ስለ ቁንጥር ጨው የተደረገው ክርክር እንግዲህ ከንቱ አልነበረም።