ፒልስና ሌሎች መድኃኒቶች

ውድ እኅቶቻችን፣ በዚህ ገጽ ስለ ወሊድ መከላከያ መጻፋችን የሚያስገርማችሁ ትኖሩ ይሆናል። ሆኖም በኑዝላም ሆነ በሌላው የጅዳና የመካ ሰፈር ፒልስ የምትወስዱ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ባለትዳር ስለሆናችሁ፣ ሌሎቻችሁ የወር አበባ ሕመም ስለሚበረታባችሁ። በሰው ቤት እየሠሩ ማርገዝ ምን እንደሚያስከትል እናንተው ታውቁታላችሁ።

ፒልስን ከሚያዳክሙት መድኃኒቶች ዋነኛው ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ነው። ነገሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 በጀርመን ነው፤ ሁለቱን አብረው የሚወስዱ ሴቶች የወር አበባቸው ሲዛባ ሐኪሞች አስተዋሉ። ምክንያቱ ጉበት ነው። ጉበታችን የፒልሱን ሆርሞን እየሰባበረ ያስወግዳል፤ ሪፋምፒሲን ደግሞ ይህን ሥራ ያፋጥነዋል። አንድ ቀን ሳታዛንፉ ብትውጡም በደም ውስጥ የሚቀረው ሆርሞን ያንሳል። ሪፋምፒሲን ካለቀ በኋላም ጉበት ወደ ቀድሞው እስኪመለስ 4 ሳምንት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ላቃታችሁ አንድ ምልክት አለ፤ ይህ መድኃኒት ሽንትንና እንባን ብርቱካናማ ያደርጋል።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው ኤፋቪሬንዝም እንዲሁ ናቸው። ከአገር ስትወጡ ክንዳችሁ ውስጥ የተቀበረውንም መከላከያ ያዳክሙታል። የ3 ወሩን መርፌና ሉፕን ግን አይነኩም። ላሞትሪጂን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፒልሱ እርሱን ያዳክመውና በሽታው ሊነሣ ይችላል።

እባካችሁ፣ ፒልሱ እንዲሠራ ብላችሁ የቲቢውን ወይም የሚጥል በሽታውን መድኃኒት እንዳታቋርጡ። ሐኪም የሚቀይርላችሁ መከላከያውን ነው፤ እስከዚያው ባለትዳሮች ኮንዶም ይጨምሩ።

አሞክሳሲሊን ፒልስን ያበላሻል ሲባል ትሰማላችሁ። ድሮ ሐኪሞችም እንዲህ ይመክሩ ነበር፤ ዛሬ ግን ተራ አንቲባዮቲኮች እንደማያዳክሙት ታውቋል። ክኒኑን ከዋጣችሁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ግን ሌላ ዋጡ።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ሁቡብ መንዕ ሀምል» በሉ፤ በዐረብኛ የወሊድ መከላከያ ክኒን ማለት ነው። ማዳም አጠገባችሁ ቆማ መናገር ካስፈራችሁ ባዶውን የፒልስ ማሸጊያ በሶፍት ጠቅልላችሁ ያዙና ነርሷ ብቻዋን ስትሆን አሳዩአት።