የፖስታ ሥራ ሲቋረጥ በአነስተኛው ነጋዴ ላይ የሚደርሰው

ንግድ በዕቃ ብቻ የሚካሄድ አይደለም፤ ዕቃውን የሚከተለው ወረቀት ካልደረሰ ዕቃው ራሱ ዕዳ ይሆናል። ይህ ነገር ለአስመጪውም ሆነ ለላኪው አዲስ ወሬ ባይሆንም፥ በካናዳ አገር በ2017 ዓ.ም. እና በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የሆነው ጉዳዩን እንደገና መመልከት ተገቢ መሆኑን ያሳያል። በዚያች አገር 55,000 ያህል የሚሆኑ የፖስታ ሠራተኞች ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ኖቬምበር 15 ቀን 2024) ሥራቸውን አቆሙ፤ ሥራው እንደገና የተጀመረው ታኅሣሥ 8 ቀን ነው። በመካከሉ ባሉት 32 ቀናት ደብዳቤም ጥቅልም ባለበት ቆሞ ቆየ። ወራቱም የካናዳ ባለሱቅ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው የገና ገበያ ወራት ነበር።

የክርክሩ መነሻ ሁለት ነው። የመንግሥት ንብረት የሆነው ካናዳ ፖስት በ4 ዓመት ውስጥ 11.5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ሲያቀርብ፥ የሠራተኞቹ ማኅበር 24 በመቶ ጠየቀ። ከዚህ ይልቅ ሥር የሰደደው ግን የቅዳሜና የእሑድ ሥራ ጉዳይ ነበር። ድርጅቱ በእነዚህ ቀኖች ጥቅል የሚያድሉ፥ ሙሉ ሳምንት የማይሠሩ ሰዎችን መቅጠር ፈለገ፤ ማኅበሩ ደግሞ ይህ የቋሚውን ሠራተኛ እንጀራ የሚነካ ነው ብሎ ተቃወመ። በሁለቱም ወገን የሚቀርበው ምክንያት ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ነገር ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ያልተቀመጠ ሦስተኛ ወገን ነበር፤ እርሱም ነጋዴው ነው።

ነጋዴ ሲባል ሁሉም በአንድ ሚዛን አይጎዳም። ትልቁ ነጋዴ ወይ የራሱ መኪናዎች አሉት፥ ወይም ከግል አመላላሽ ድርጅቶች ጋር የዓመት ውል አለው፤ የሚልከው ብዙ ስለ ሆነም በቅናሽ ያስጭናል። በሳምንት ሃያ ወይም ሠላሳ ጥቅል የሚልክ ባለሱቅ ግን ይህን ቅናሽ አያገኝም። በቤቱ ሳሙና ሠርቶ በ20 ዶላር የሚሸጥ ሰው ቢኖርና የማመላለሻው ዋጋ በድንገት 15 ዶላር ቢደርስበት፥ ጭማሪውን ከገዢው ቢጠይቅ ገዢው ይሄዳል፤ ከራሱ ቢከፍል ትርፉ ያልቃል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሽያጩን መተውን መረጡ። ርቀው በሚገኙ መንደሮች የሚኖሩት ደግሞ ቢከፍሉም እንኳ የግል አመላላሽ እንደ ልብ አያገኙም። በዚያ ላይ አድማው በተጀመረ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ግል ድርጅቶች ስለ ዞረ፥ በእነርሱም ዘንድ ዕቃ ይከመር ጀመር። (ፑሮሌተር የሚባለው አመላላሽ ድርጅት በአብዛኛው የካናዳ ፖስት የራሱ ንብረት ሆኖ ሳለ፥ ሠራተኞቹ የተለዩ ስለ ሆኑ ሥራውን አላቆመም። አባትየው በሩን ሲዘጋ ልጅየው ሲነግድ ከረመ ማለት ነው።)

ደብዳቤን በሚመለከት ሕጉ ራሱ በር ይዘጋል። በካናዳ ተራ ደብዳቤን የማመላለስ መብት በሕግ የካናዳ ፖስት ብቻ ነው፤ የግል ድርጅት አስቸኳይ ደብዳቤ ቢያደርስ ከመደበኛው የቴምብር ዋጋ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ማስከፈል አለበት። በደኅናው ቀን ይህ ሕግ ደብዳቤ ለሩቅ መንደርም ለከተማም በአንድ ዋጋ እንዲደርስ ይረዳል። በአድማ ቀን ግን ነጋዴውን ያለ አማራጭ ያስቀረዋል።

ከጥቅሉ ይልቅ በዝምታ የሚጎዳው የቼኩ ነገር ነው። በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ያሉ አነስተኛ ድርጅቶች ዛሬም ቢሆን ሒሳባቸውን ከሚከፍሉባቸውና ከሚቀበሉባቸው መንገዶች አንዱ በፖስታ የሚላክ ቼክ ነው። ቼኩ በመንገድ ላይ ሲቆም ዕቃው ግን አስቀድሞ ተሽጦ ሄዷል። ባለሱቁ ለጅምላ ሻጩ የሚከፍለው፥ ለሠራተኛው የሚሰጠውና የቤት ኪራዩ ቀናቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። በዚያ ላይ አንዳንድ ገዢ፥ ገንዘብ እያለውም ቢሆን፥ «ቼኩ በፖስታ ቤት ነው» የሚለውን ቃል ለማዘግየት ይጠቀምበታል፤ ሻጩም ይህን ለማጣራት የሚችልበት መንገድ የለውም። በ2017ቱ አድማ ጊዜ የመንግሥት የድጎማ ቼኮች እንዲታደሉ ድርጅቱና ማኅበሩ ተስማምተው ነበር፤ ይህም መልካም ነው። የነጋዴው ቼክ ግን በስምምነቱ ውስጥ አልተካተተም።

ከውጭ የሚገባውም ቆመ። በአድማው ጊዜ የበርካታ አገሮች ፖስታ ቤቶች ወደ ካናዳ የሚላክ መቀበልን ለጊዜው አቋረጡ። በቶሮንቶና በሌሎች ከተሞች ሱቅ ያላቸው ኢትዮጵያውያንም ከዚህ አይለዩም፤ ቅመምና የአገር ልብስ በጥቂት በጥቂቱ የሚያስመጣ ሰው ኮንቴይነር አይሞላም፥ በጥቅል ነው የሚነግደው።

መንግሥቱስ ምን አደረገ? የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስቲቨን ማኪነን ለአራት ሳምንት ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው ይስማሙ በማለት ከጠበቁ በኋላ፥ ታኅሣሥ 4 ቀን በሠራተኛ ሕጉ በአንቀጽ 107 በተሰጣቸው ሥልጣን ጉዳዩን ለኢንዱስትሪ ግንኙነት ቦርድ መሩት፤ ቦርዱም ሥራ እንዲጀመር አዘዘ። ማኅበሩ ይህን የመደራደር መብትን የሚጥስ ነው ሲል፥ ነጋዴዎች በበኩላቸው ዘገየ አሉ። ለነጋዴው ከሁሉ የከፋው ግን አለማወቁ ነው። አድማው 32 ቀን እንደሚቆይ አስቀድሞ ቢነገረው ኖሮ የሚችለውን ያህል ይዘጋጅ ነበር፤ ነገ ያልቃል፥ ከነገ ወዲያ ያልቃል እየተባለ ሲቆይ ግን የግል አመላላሽ ውል ለመግባትም ሆነ ገበያውን ለመዝጋት አይወስንም። ሥራው ከተጀመረ በኋላም የተከማቸው ብዙ ስለ ነበር፥ ለገና የታዘዘው ዕቃ ከገና በኋላ የደረሰበት ቦታ አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የመንግሥት ውሳኔ ራሱ አድማን እንዴት እንደሚያስነሣ ያሳያል። ድርጅቱ አስቀድሞም በኪሳራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓመት 5.5 ቢሊዮን የነበረው የደብዳቤ ብዛት በ2023 ወደ 2.2 ቢሊዮን ወረደ፤ ከጥቅል ገበያው የነበረው ድርሻም በ2019 62 በመቶ የነበረው በ2023 29 በመቶ ሆነ። ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በጥራዝ የሚሸጠው ቴምብር ከ99 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ24 ሳንቲም ከፍ አለ። በዚያው ወር መንግሥት እስከ 1.034 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ብድር ፈቀደ። በግንቦት ወርም ዊሊያም ካፕላን የተባሉት መርማሪ ድርጅቱ ከነበረበት አሠራር ካልወጣ መቆም እንደማይችል የሚገልጽ ሪፖርት አቀረቡ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሚኒስትር ጆኤል ላይትባውንድ ድርጅቱ በቀን 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚከስር አስታውቀው፥ 4 ሚሊዮን አድራሻዎች ደብዳቤያቸውን በየደጃፋቸው መቀበላቸው ቀርቶ ከጋራ ሣጥን እንዲወስዱ፥ አስቸኳይ ያልሆነውም ደብዳቤ በአውሮፕላን ፈንታ በየብስ እንዲጓዝ መፈቀዱን ተናገሩ። በዚያው ቀን ማኅበሩ በመላው አገር ሥራ አቆመ። ጥቅምት 1 ቀን አድማው በየተራ በየከተማው ወደሚደረግ ተለወጠ፤ ኅዳር 12 ቀንም በመርሕ ደረጃ ስምምነት ተደረሰ። እንግዲህ የሂሳቡ ነገር ካየሉት፥ ኪሳራውን ለመቀነስ የወጣው ውሳኔ የቀሩትን ደንበኞች የሚያሸሽ አድማ ወለደ፤ የሸሸ ደንበኛ ደግሞ ኪሳራውን ይጨምራል።

በጋራ ሣጥኑ ነገር የአዲስ አበባ ነጋዴ ሳይገረም አይቀርም። እርሱ በደብዳቤው ራስጌ ላይ «ፖ.ሣ.ቁ.» ብሎ አትሞ ቁልፉን ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ሲሄድ የኖረ ነው። ልማዱ ለዘመናት የተለየ የነበረ ሰው ግን ለውጡን እንደ ቀላል አያየውም።

መንግሥት ሌላ መንገድ ሊከተል እንደሚችል የእንግሊዝ አገር ታሪክ ይመሰክራል። በ1963 ዓ.ም. ከጥር 12 ቀን ጀምሮ 200,000 ያህል የፖስታ ሠራተኞች ለ47 ቀናት ሥራ ባቆሙ ጊዜ፥ መንግሥቱ የፖስታ ቤቱን የብቻ መብት ለጊዜው አንሥቶ የግል ሰዎች ደብዳቤ እንዲያመላልሱ ፈቀደ፤ ብዙዎችም የራሳቸውን ቴምብር እያተሙ ሠሩ። አገሩ ፓውንዱን በመቶ ሳንቲም መቍጠር የጀመረውም በዚያው አድማ መካከል የካቲት 8 ቀን ነበር፤ አዲስ ዋጋ ለደንበኛው የሚጽፍ ነጋዴ የሚልክበት ፖስታ አልነበረውም። የግሎቹ አመላላሾች ዋጋቸው ከፍ ያለና አገልግሎታቸውም በከተማ የተወሰነ ስለ ነበር ሁሉን አላዳረሱም፤ ቢሆንም አንድ በር ተከፍቶ ነበር።

ለኢትዮጵያ ላኪ ከዚህ ሁሉ የሚነካው የሰነዱ ጉዳይ ነው። የጭነት ሰነድ ዛሬ በብዛት የሚላከው በመንግሥት ፖስታ ሳይሆን በፈጣን መልእክት ድርጅት ቢሆንም፥ ከላይ እንደ ተገለጸው አንዱ ሲቆም ሌላው ይጨናነቃል። ከሐምሌ 1999 ዓ.ም. በፊት በነበረው ወር መጨረሻ፥ ማለት ሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ (በቁጥር 600 የሚታወቀው) በአንቀጽ 14 ዋናው የጭነት ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ፥ የክሬዲቱም ዘመን ሳያልፍ እንዲቀርብ ያዛል። የፖስታ አድማ ይህን ቀን አያራዝምም። በአንቀጽ 35 መሠረትም ሰነዱ በመንገድ ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ ባንክ ኃላፊ አይሆንም። ሆኖም በዚሁ አንቀጽ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፤ ለክፍያው የተሰየመው ባንክ ሰነዱን መርምሮ ትክክል ነው ካለና ከላከው፥ በመንገድ ቢጠፋ እንኳ ክሬዲቱን የከፈተው ባንክ ይከፍላል። ስለዚህ ላኪው ውል ሲዋዋል ክሬዲቱ የሚያበቃበት ቦታ አዲስ አበባ፥ የተሰየመውም ባንክ የራሱ ባንክ እንዲሆን ቢጠይቅ፥ የመንገዱ ጭንቀት ከእርሱ ላይ ይነሣል። የሚያበቃበት ቦታ በገዢው አገር ከሆነ ግን ሰነዱ እዚያ እስኪደርስ ድረስ የዘገየው ቀን ሁሉ በላኪው ይታሰባል።

ሰነድ ሲቀርብ በሚከፈልበት አሠራር ለሚሸጡ ይህ መከላከያ የለም። በዚህ ጊዜ ዕቃው ወደብ ደርሶ ሰነዱ ካልደረሰ የወደብ ኪራይ ይቈጠራል፤ ማን ይከፍላል የሚለውም በውሉ ካልተጻፈ ለክርክር ይዳርጋል። ይህ ሐረግ በሽያጩ ውል ላይ ሁለት መስመር ብቻ ይፈጃል፤ መጻፍ ያለበትም ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው።