ረጅም ሰዓት የኮምፒውተር ጨዋታ ሲጫወቱ እጅዎን ከጉዳት ይጠብቁ

በኮምፒውተር ጨዋታ ወቅት ጣቶች ተመሳሳይ እንቅስቃሴን ደጋግመው ያከናውናሉ። ይህ ያለ ዕረፍት ለሰዓታት ሲቀጥል ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ ጅማቶችም ለሕመም ይጋለጣሉ። የእጅ አንጓ ታጥፎ ሲቆይ ደግሞ በአንጓው ውስጥ በሚያልፈው ነርቭ ላይ ጫና ይፈጠራል።

ጉዳቱን ለመከላከል የሚከተሉትን ተግባራዊ ማድረግ ይገባል፦

• ቢያንስ በየ30 ደቂቃው ጨዋታውን አቋርጦ ጣቶችንና ትከሻን ማፍታታት፤
• የእጅ አንጓ ከክንድ ጋር ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ አድርጎ መቀመጥ፤
• አንጓን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አለማስደገፍ፣ ማውሱንም አጥብቆ አለመጨበጥ፤
• ሕመም ሲሰማ ጨዋታውን ወዲያውኑ ማቆም።

ተራ ድካም በዕረፍት ይለቃል። ነገር ግን አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና የመሃል ጣት በተደጋጋሚ የሚደነዝዙ ከሆነ፣ በተለይም ስሜቱ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ነርቩ መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል። ሕክምናው ከዘገየ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ እየከሳ እጅ ዕቃ አጥብቆ ለመያዝ ይሳነዋል።

ስለሆነም ምልክቶቹ ሲታዩ በአቅራቢያዎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ይመርመሩ፤ ተጨማሪ ሕክምና ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል በሪፈር ይላካሉ። ወላጆችም ልጆቻቸው እጃቸው እንደሚደነዝዝ ሲናገሩ ጉዳዩን በቸልታ ሊያልፉት አይገባም።